ጋሻው ጦር ሲወልድ

ሰሞኑን ለቅሶ ለመድረስ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ከለቅሶ ቤት መልስ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ጎራ አልን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የውጭ ዜና ያሳያል። አንድ ሚሳይል እሳት እየተፋ ከመሬት ይነሳል፤ ቀጥሎ ሌላ ሚሳይል ይወነጨፍና ሰማይ ላይ ያከሽፈዋል። ባጃጁን ደጅ አቁሞ የገባ አንድ ወጣት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ጋሼ፣ ሕግ ነው የተማሩት ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄ ነገር እኛ ጋ ይደርሳል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ቀደሙኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮ ነው ሚሳይል የሚያባክንብን?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ግን ባኮን አልፈን አምቦ እስክንደርስ ድረስ የሽማግሌው ቀልድ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ቀልዱ ውስጥ አንድ የቆየ እምነት አለና ነው። የኑክሌር መሣሪያ፣ ሚሳይል፣ ፀረ ሚሳይል የሚባለው ሁሉ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው፤ እኛ ግፋ ቢል ተመልካች ነን የሚል እምነት። ይህ ጽሑፍ ያንን እምነት የሚሞግት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ እኛ ጋ ደርሷል። ሁለተኛ፣ በዚህ ጉዳይ በዓለም አደባባይ ቀድመው ከተናገሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የጀመርነውን ክርክር ግን መሐል መንገድ ላይ ትተነዋል።

የጋሻው ነገር

ለመሆኑ ራስን መከላከል ምን ክፋት አለው? አንድ አገር ሊመታው የሚመጣውን ሚሳይል ሰማይ ላይ ቢያመክን ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ ይገባዋል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ጋሻውን ብቻ ለይቶ በማየት አይደለም።

ሁለት ባላጋራ ጎረቤታሞችን አስቡ። ሁለቱም ጦር አላቸው። አንዱ ቢወረውር ሌላውም መልሶ እንደሚወረውር ስለሚያውቁ ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ይኖራሉ። ፍቅር ባይሆንም ደም አይፈስም። አንድ ቀን አንደኛው ትልቅ ጋሻ ይዞ ብቅ ይላል። «ይህ ለመከላከል ብቻ ነው» ይላል። ጎረቤቱ ግን ሌሊቱን ሲያስብ የሚያድረው ሌላ ነገር ነው። «ይህ ሰው ጦሩን አላስቀመጠም። ጋሻ ጨመረበት እንጂ። እንግዲህ ወግቶኝ የእኔን መልስ በጋሻው ሊመክት ነው» ይላል። በማግስቱ ጋሻ የሚበሳ ጦር ሊያሠራ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይሄዳል። ጋሻው ጦር ወለደ ማለት ይህ ነው።

አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ይህንን ስለተረዱ እ.ኤ.አ. በሜይ 1972 የፀረ ባሊስቲክ ሚሳይል ስምምነት ተፈራረሙ። ውሉ ላይ ላዩን ሲታይ ግራ ያጋባል። ሁለት ባላንጣዎች ራሳቸውን ላለመከላከል ይዋዋላሉን? አዎን፣ ተዋዋሉ። አንዱ ጋሻ ካልሠራ ሌላው ተጨማሪ ጦር አያስፈልገውም ከሚል ስሌት የመጣ ነበር። ፕሬዚዳንት ሬጋን በ1975 ዓ.ም. «የከዋክብት ጦርነት» እየተባለ የተጠራውን የሕዋ መከላከያ ዕቅዳቸውን ይፋ ሲያደርጉ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በዘመኑ ሬዲዮ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲለፈፍ የነበረውን ያህል ስለዚህ ስሌት የነገረን አልነበረም። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የውል ሕግ ስማር ነው።

ያ ውል ሠላሳ ዓመት ኖረ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 አሜሪካ እንደምትወጣ አስታወቁ፤ ከስድስት ወር በኋላ በጁን 2002 ፈረሰ። ምክንያታቸው እንደ ሰሜን ኮሪያና ኢራን ያሉ አገሮች የሚያመጡት ስጋት ነበር። ምክንያቱ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ዛሬ አላስካና ካሊፎርኒያ ውስጥ የተተከሉት 44 ፀረ ሚሳይሎች የሩሲያን ጠቅላላ የኑክሌር ኃይል ለማክሸፍ እንደማይበቁም የታወቀ ነው። የሞስኮ ጄኔራሎች የሚያስሉት ግን ዛሬ ያለውን ሳይሆን ከሃያ ዓመት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ነው። በሩማኒያና በፖላንድ የተተከሉትን ፀረ ሚሳይሎችም ያዩት በዚሁ ዓይን ነው።

መልሱ እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 2018 መጣ። ፕሬዚዳንት ፑቲን በዓመታዊ ንግግራቸው አዳዲስ መሣሪያዎችን በስክሪን እያሳዩ ዘረዘሩ። «ሳርማት» የሚባል ግዙፍ አህጉር አቋራጭ ሚሳይል፣ ከድምፅ በብዙ እጥፍ እየፈጠነ አቅጣጫ የሚቀያይረው «አቫንጋርድ»፣ በኑክሌር ሞተር የሚበርረው ክሩዝ ሚሳይል «ቡሬቬስትኒክ»፣ ከባሕር በታች የሚሄደው «ፖሲዶን»። መሪው ራሳቸው እንደተናገሩት እነዚህ የተሠሩት አሜሪካ ከ1972ቱ ውል በመውጣቷና ጋሻዋን በማስፋፋቷ ምክንያት ነው። ቻይናም በበኩሏ ለብዙ ዓመታት በጥቂት መቶዎች ይቆጠር የነበረውን የኑክሌር አረሯን አሳድጋ፣ በዘርፉ የሚታመኑ ተቋማት ግምት ቢያንስ 600 አድርሳዋለች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደግሞ በሜይ 2025 «ወርቃማ ጉልላት» የተባለ፣ በሕዋ ላይ የሚተከሉ መሣሪያዎች ያሉት አዲስ ጋሻ በ175 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያሠሩ አስታወቁ። ጦሩ ደግሞ በተራው ጋሻ ወለደ ማለት ነው።

በዚህ መሐል ውሎቹ አንድ በአንድ አለቁ። የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን የሚያግደው የ1987 ስምምነት በኦገስት 2019 ፈረሰ። ሩሲያ የኑክሌር ሙከራን ለሚከለክለው ስምምነት የሰጠችውን ማጽደቂያ በኖቬምበር 2023 ሰረዘች። የሁለቱን አገሮች የተተከሉ ስትራቴጂካዊ አረሮች በ1,550 የወሰነው «ኒው ስታርት» ውል ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2023 ካገደችው ወዲህ በስም ብቻ ቆይቶ፣ ዕድሜው እስከ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ነበር። በዚህ ውል መሠረት አንዱ የሌላውን ማከማቻ በዓመት እስከ 18 ጊዜ ሄዶ ይፈትሽ ነበር። ባላንጣዬ ምን እንዳለው በዓይኔ አይቼ ካልተመለስኩ የማስበው ክፉ ክፉውን ነው። የትልቁ አደጋ ምንጭ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ይህ ጨለማ ጭምር ነው።

እኛ ጋ ደርሷል ወይ?

ወደ ባጃጅ ነጂው ጥያቄ ልመለስ። እኛ ጋ ይደርሳል ወይ?

በመጀመሪያ በቅርቡ ያየነውን እንይ። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ባሊስቲክ ሚሳይል መተኮስ ጀመሩ። የአሜሪካ የጦር መርከቦችም ሚሳይሎቹን አየር ላይ ማምከን ያዙ። ቴሌቪዥን ላይ በሥዕል ያየነው ነገር በእውን የተካሄደው ከጅቡቲ ወደብ ብዙም ሳይርቅ ነው። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ። የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ናረ። አብዛኛው የገቢና ወጪ ዕቃችን የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ወለጋ ላይ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ የሚጠብቀው ማዳበሪያም በመርከብ የሚመጣ ነው። የኑክሌር ኃያል የሆነችው ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ስትወርር የማዳበሪያና የዘይት ዋጋ ምን እንደሆነ የነቀምቴ ነጋዴ ያውቀዋል። ለእኛ ማንም ሚሳይል ባያባክንም፣ የባከነው ሚሳይል ሒሳብ ግን ወደ ደጃችን ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ሚሳይልና ሮኬት ለእኛ የባዕድ ነገር አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ ሳምንታት ከትግራይ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ አስመራ ሮኬት ተተኩሷል። ወለጋ ውስጥም ባለፉት ዓመታት በተካሄደው ግጭት ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሚፈጥር የሚያውቀው ሰው ጥቂት አይደለም። እዚያች ቡና ቤት ውስጥ ሳቃችን ቶሎ የተቋረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። የኑክሌር ጦርነት ቢነሳ ጉዳቱ በተዋጊዎቹ ድንበር አይቆምም። ከሚቃጠሉ ከተሞች የሚነሳው ጥቀርሻ ፀሐይን ጋርዶ የዓለምን ሰብል እንደሚቀንስ ሳይንቲስቶች ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ሕዝብ «እኔ ተመልካች ነኝ» ሊል አይችልም።

ቦነያና ጄኔቭ

አሁን ወደ ታሪክ ልግባ። ሰማይን መፍራት ለወለጋ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰማይን መከላከልም እንዲሁ።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ያኔ ለቀምት ትባል ከነበረችው ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ በተባለው ሜዳ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በእሳት ጋዩ። ያንን ያደረጉት «ጥቁር አንበሳ» በተባለው ማኅበር ውስጥ የተሰባሰቡ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ሌሎች አርበኞች ናቸው። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከአውሮፕላኖቹ ጋር የመጡት ጣሊያኖች፣ ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ ጭምር፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ተገደሉ። አርበኞቹ አውሮፕላን የሚጥል መሣሪያ አልነበራቸውም። ሰማይ ላይ ያልቻሉትን መሬት ላይ ጠብቀው መቱት። የዚያን ዘመን የአየር መከላከያችን ይህ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር አዳራሽ ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች እንዴት ተከታትለው እየመጡ በሠራዊቱ፣ በሴቱ፣ በሕፃኑ፣ በከብቱና በውኃው ላይ መርዝ እንደረጩ ዘርዝረው ተናገሩ። ልብ በሉ፣ የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ሕግ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቭ ላይ የተፈረመ ፕሮቶኮል ነው፤ ጣሊያንም አጽድቃዋለች። ሕጉ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው የሚያስከብረው ነው። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ ያም ቢሆን በጁላይ 1936 ተነሳ።

እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ጋሻ አነሳች። ቦነያ ላይ የጀግንነትን፣ ጄኔቭ ላይ የሕግን። የመጀመሪያውን በየዓመቱ እናስታውሳለን። ሁለተኛውን ግን «ሰሚ አጣን» ብለን በቁጭት ብቻ እንዘጋዋለን። ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም።

የ1954ቱ ክስ

እ.ኤ.አ. በ1961 ዓለም ዛሬ ካለችበት የባሰ አፋፍ ላይ ነበረች። ፈረንሳይ ከዓመት በፊት በሰሃራ በረሃ፣ በአፍሪካ ምድር፣ የኑክሌር ቦምብ መሞከር ጀምራለች። በርሊን በግንብ ተከፍላለች። በኦክቶበር 30 ቀን ሶቪየት ኅብረት በታሪክ ትልቁን፣ 50 ሜጋ ቶን የሚገመት ቦምብ አፈነዳች።

ከዚያ ከ25 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ቁጥር 1653 የሆነ ውሳኔ አሳለፈ። ይህን የውሳኔ ሐሳብ በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች አብረዋት ቆሙ። ሰነዱ ከ1868 የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ ጀምሮ የሄግ ስምምነቶችንና የ1925ን የጄኔቭ ፕሮቶኮል እየጠቀሰ ወደ ድምዳሜው ይሄዳል። በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ ነው፤ ጦርነቱ በጠላት ላይ ብቻ ሳይሆን በመላው የሰው ልጅ ላይ የሚደረግ ይሆናል፤ የተጠቀመ መንግሥትም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠራል ይላል። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ከተቃወሙት ውስጥ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። የአሜሪካ ክርክር ቻርተሩ ራስን የመከላከል መብት ሲሰጥ የመሣሪያ ዓይነት አልለየም የሚል ነበር። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ ያንን ግዙፍ ቦምብ ባፈነዳች በወሩ ውስጥ መሆኑ ግን አይዘነጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችው ኤርትራ፣ አስመራ ላይ ቃኘው የተባለ ትልቅ የመገናኛና የመረጃ ጣቢያ ነበራት። የጦር ሠራዊታችንን የምታስታጥቀውም እሷው ነበረች። እንዲህ የተሳሰረች አገር የወዳጇን ዋነኛ መሣሪያ «ወንጀል ነው» ብላ ለጉባዔ ስታቀርብ መድፈሯ ነበር። ወዳጅነቱም በዚያ ምክንያት አልፈረሰም። እንዲያውም በቀጣዩ ዓመት ጄኔቭ ላይ የተቋቋመው የአሥራ ስምንቱ አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ከሁለቱም ጎራ ውጭ ሆነው ከገቡት ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች። ዛሬ ዓለም የሚተዳደርበት የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት የተረቀቀው እዚያ ነው።

ለምን ኢትዮጵያ? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። ከሰማይ የሚወርድ፣ ወታደርና ሕፃን የማይለይ፣ ሕግ የከለከለው መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ በገዛ አካሏ ያወቀች አገር ስለነበረች ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ ፊት ሲቆሙ ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቭ ላይ መቆማቸውን አስታውሰው ስለ ትጥቅ ቅነሳ የተናገሩት ያለ ነገር አልነበረም። የዘውዱን ሥርዓት በብዙ ነገር የምንወቅስ ሰዎች ይህንን ልንነፍገው አይገባም።

«ሕግ ወረቀት ነው»

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «አንተ የሕግ ሰው ስለሆንክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሕግ ምን ፈየደልን? ዛሬስ ማን ሰማን?»

ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጣም ያበሳጨኝ መዝገብ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ አፍሪካ ላይ የናሚቢያን ጉዳይ ይዘው ዘ ሄግ የመሠረቱት ክስ ነበር። ስድስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «እናንተ ለዚህ ክስ የሕግ መብት የላችሁም» ተባሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጁላይ 1996 ይኸው ፍርድ ቤት ስለ ኑክሌር መሣሪያ የምክር አስተያየት ሲሰጥም ሰባት ለሰባት ተከፈለ። በጠቅላላው መጠቀሙ ከጦርነት ሕግ ጋር ይጋጫል አለ፤ የአንድ አገር ህልውና ራሱ አደጋ ላይ በወደቀበት ጊዜ ግን ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም ለማለት አልቻልኩም አለ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ከተጠቀሱት ሰነዶች አንዱ ከ1961 ጀምሮ የመጣው የጉባዔው ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ ያቀረበችው ወረቀት ከ35 ዓመት በኋላ ዳኞችን ለሁለት ከፈለ። ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል?

ናሚቢያስ? በ1990 ነፃ ወጣች። ሕግ ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ደረሰ።

ሌላም ማስረጃ አለኝ። በእኛ ላይ የተረጨውን ዓይነት መርዝ መጠቀም ብቻ ሳይሆን መሥራትና ማከማቸትም የሚከለክለው ስምምነት በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። ፈራሚ አገሮች አለን ብለው ያስመዘገቡት ክምችት በሙሉ ተወግዶ አልቋል፤ የመጨረሻውን አሜሪካ በጁላይ 2023 አስወገደች። ሕጉን የጣሱ የሉም አልልም፤ ሶሪያ ውስጥ የሆነውን አይተናል። ነገር ግን በጄኔቩ ንግግር ዘመን ማንም ይህ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

የኑክሌር አረርም ቢሆን በሰማንያዎቹ አጋማሽ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ የነበረው ዛሬ ወደ 12 ሺህ ገደማ ወርዷል። ይህን ያህል የቀነሰው ምንድን ነው? አንድም ጋሻ አይደለም። የቀነሱት ውሎች ናቸው፤ እየሄዱ መቁጠር፣ መፈተሽ፣ መፈራረም ነው። ጋሻው በተራው ምን እንደሚያቅተው ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ አየን። በዓለም እጅግ የተራቀቀ የሚባለው የእስራኤል መከላከያ ከኢራን የተተኮሱትን አብዛኞቹን አክሽፏል። ቢሆንም በኦክቶበር 2024ም ሆነ በጁን 2025 ጥቂቶቹ ሾልከው ወድቀዋል። ተራ ፈንጂ የያዘ ሚሳይል ሲሾልክ ሕንፃ ይፈርሳል። ኑክሌር የያዘ አንድ ሚሳይል ቢሾልክ የሚፈርሰው ከተማ ነው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን የሚይዝ ጋሻ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተሸናፊ ነው።

ትናንሽ አገሮች «ወርቃማ ጉልላት» የመሥራት አቅም የለንም። በዓለም ላይ የቀረን ጋሻ ውሉ ነው። እሱም ዓይናችን እያየ ሲቀደድ ዝም ካልን ራቁታችንን ቀረን ማለት ነው።

ያልተጨረሰው መዝገብ

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አፍሪካ በዚህ ረገድ የምትኮራበት ሥራ አላት። ደቡብ አፍሪካ የሠራቻቸውን ስድስት የኑክሌር ቦምቦች በገዛ እጇ አፈራርሳለች። አህጉሪቱን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነት በ1996 ካይሮ ላይ ተፈርሞ በጁላይ 2009 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ደግሞ በኒውዮርክ 122 አገሮች የኑክሌር መሣሪያን ፈጽሞ የሚከለክል ስምምነት አጸደቁ። ይህ ስምምነት የ1954ቱ የእኛ ክስ በሕግ አንቀጽ ተጽፎ የተመለሰበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ ከደገፉት አንዷ ነበረች። ስምምነቱ በጃንዩወሪ 2021 ሥራ ላይ ሲውል ግን ስሟ ከፈራሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ሱዳንና ታንዛኒያ በወቅቱ ፈርመዋል።

ክሱን የመሠረተ ሰው ለፍርዱ ቀን ካልቀረበ በሕጋችን መዝገቡ እንደሚዘጋ የሕግ ባልደረቦቼ ያውቁታል። እኛም የሆንነው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ሰው ኃያላኑን ላለማስቀየም ዝም ማለት ይሻላል ይል ይሆናል። የ1954 ዓ.ም. ዲፕሎማቶቻችን ግን ቃኘው ላይ አሜሪካንን አስቀምጠው ተናግረዋል። ዛሬ ደግሞ አቋማችን የተሻለ ነው። ኢትዮጵያ ከጃንዩወሪ 2024 ጀምሮ ከሩሲያ፣ ከቻይናና ከህንድ ጋር የብሪክስ አባል ናት። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጋር ያለንም ግንኙነት የረጅም ዘመን ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ነን። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኑክሌር ኃይል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርሟል። ይህ ሰላማዊ ዓላማ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ወደ አቶም ቤት የሚገባ አገር ስለ ቦምቡ ያለውን አቋም በር ላይ ቆሞ ቢናገር ለራሱም ለጎረቤቱም ይበጃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መንግሥት የ2017ቱን ስምምነት ይፈርም፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ለማጽደቅ ያቅርብ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የ1954ቱን ውሳኔ ታሪክ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ለትውልድ ያሳውቅ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ነቀምቴ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ከሌሎች አገሮች ታሪክ ጎን ይህንን የራሳችንን ያስተምሩ። የሚጠይቀው ወጪ የብዕር ቀለም ነው።

ለባጃጅ ነጂው ልጅ ያን ቀን ያልመለስኩለት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አዎን ወንድሜ፣ ነገሩ እኛ ጋ ይደርሳል። ከአንተ ቡና መጠጫ ብዙም በማይርቀው ሜዳ ላይ፣ ቦነያ፣ ከዘጠና ዓመት በፊት ደርሶ ነበር። ለእኚያ አዛውንት ደግሞ በአክብሮት የምለው አለኝ። አባባ፣ ማንም ከቁም ነገር ባይቆጥረን እንኳ እኛ ራሳችንን ቆጥረን ዓለም አደባባይ የቆምንበት ቀን ነበር። የሰሙን ከግማሽ በላይ ነበሩ።

ቸር ያሰማን።